የግራው ታምቡሮ

አባቴ ሲያርፍ ለልጆቹ የተወልን ከአጋሮ ወጣ ብሎ ያለ የቡና ማሳና አንዲት ማሴይ ፈርጉሰን 135 ትራክተር ነው። ትራክተሯ በዕድሜ ታላቄ ናት። ይህች ዓይነት ማሴይ በ1964 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገበያ ላይ ወጥታ፣ ኮቨንትሪ በሚባል የእንግሊዝ ከተማ ለአሥር ዓመት ያህል ስትሠራ ኖራለች። ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተርና 45 ገደማ የፈረስ ጉልበት አላት። የእኛይቱ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈች አላውቅም። አባቴ ከጨረታ ሲገዛት ቀዩ ቀለሟ እንደ ጀንፈል ጠቁሮ ነበር። ቢሆንም እስከ ዛሬ "ቀይዋ" እንላታለን።

ትራክተር ሲባል የከተማ ልጅ ዓይን ላይ የሚመጣው የአርሲና የባሌ የስንዴ ማሳ ነው። እኛ ዘንድ ቡናው በዋንዛና በግራር ጥላ ሥር ስለሚበቅል የቀይዋ ሥራ ማረስ ሳይሆን መጎተት ነው። በቡና ወራት እሸት ቡና ከማሳ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ታደርሳለች። በሌላው ጊዜ ድንጋይ፣ አሸዋና በበርሜል ውኃ ትጎትታለች። የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ የመሠረት ድንጋይ የመጣው በእርሷ ተሳቢ ነው። አገሩ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ከጅማ አጋሮ የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ እኛ አገር የትራክተር ቁም ነገሩ ሞተሩ አይደለም፣ ፍሬኑ ነው።

ስለ ፍሬኑ ጥቂት ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ የቀረው ነገር አይገባችሁም። የቀይዋ ፍሬን በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ላይ ብቻ ነው። በቀኝ እግር በኩል ጎን ለጎን ሁለት ፔዳሎች አሉ፤ አንዱ የግራውን ጎማ፣ ሌላው የቀኙን ይይዛል። ማሳ ውስጥ ጠባብ ቦታ ላይ ለመዞር አንዱን ብቻ ትረግጣለህ። መንገድ ላይ ስትወጣ ግን ሁለቱን በመቆለፊያቸው አያይዘህ እንደ አንድ ትረግጣቸዋለህ። መቆለፊያውን ረስቶ በፍጥነት እየሄደ አንዱን ብቻ የረገጠ ሰው ትራክተሩ ዞሮ ሊገለበጥበት ይችላል። እንደ መኪና ዘይት የሚገፋው ፍሬን አይደለም። ፔዳሉ ዘንግ ይስባል፣ ዘንጉ ሁለት ጨረቃ የመሰሉ ብረቶችን ወደ ውጭ ይለጥጣል፣ በብረቶቹ ላይ የተቸነከረው ሸራ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ታምቡሮ ከውስጥ በኩል ያሸዋል። ከዚያ በላይ ምሥጢር የለውም። ሸራው ሲያልቅ ደግሞ የቸነከረው ሪቬት ጫፉ ይወጣና ብረት ብረትን መፋቅ ይጀምራል። ያን ጊዜ ይጮኻል።

የእኛው መጮህ የጀመረው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። የሚነዳት የአጎቴ ልጅ ነው፤ ያኔ ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ልጅነቱን ከአባቴ ጋር ቀይዋ ላይ ያሳለፈ፣ እጁ የረጋ ልጅ ነው። አንድ ማታ መጥቶ፣

"ጋሼ፣ የግራው ይጮኻል" አለኝ።

ካቻቪቴ ይዤ ከጎማው ሥር ገባሁና ማስተካከያውን ጠበቅ አደረግሁት። ድምፁ ለጥቂት ቀን ጠፋ። በጥቅምት አጋማሽ እንደገና መጣ።

"ጋሼ፣ አሁንስ ፍሬን አይባልም። ቀኙ ይንሸራተታል፣ ግራው ይጮኻል።"

"እስከ ቡናው ማለቂያ ታገስ" አልኩት።

ለራሴ ጠበቃ ልቁም ብል ምክንያት አላጣም። እሸት ቡና አይጠብቅም። የተለቀመው ፍሬ በዚያው ቀን ካልተፈለፈለ ጆንያ ውስጥ መሞቅና መቡካት ይጀምራል፤ የቡካ ፍሬ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ጣቢያው ዋጋ ይቀንሳል ወይም ጨርሶ አይቀበልም። ትራክተሯ አንድ ሳምንት ቆመች ማለት ማሳው ላይ ያለው ፍሬ ከእንጨቱ ላይ ይደርቃል ማለት ነው። የእኔ ብቻም አልነበረም፤ የጎረቤቶቼንም ቡና የምታመላልሰው እርሷው ናት። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ደግሞም ገንዘብ ማውጣት አልፈለግሁም። ይህም እውነት ነው፤ ከላይኛው ይልቅ።

ያን ዓመት የወጣቶች ኅብረታችን ለአዳራሹ ቆርቆሮ ማሟያ ገንዘብ ለማሰባሰብ ቡና ለቀማ ወጥቶ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የምእመናንን ማሳ እየዞሩ ይለቅማሉ፣ የለቀማው ዋጋ ለሕንፃው ይገባል። በኅዳር ሦስተኛው ቅዳሜ ተራው የእኛ ማሳ ነበር። ሲዘምሩ፣ ሲቀላለዱ፣ አንዱ የሌላውን ቅርጫት ሲደፋ ዋሉ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተሳቢው ሞላ። ስድስቱ ከጆንያው ላይ ወጡ። "ውጡ፣ በእግር አይመሽባችሁም ወይ" ያልኩት እኔ ነኝ። ለአጎቴ ልጅ ደግሞ "ጣቢያው ሳይዘጋ ድረስ" አልኩት። እኔ ሞተር ሳይክሌን አስነሥቼ ከኋላ ተከተልኩ።

ወደ ወንዙ ድልድይ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ገባ። ችኮላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ልጁ ሁልጊዜ በሁለተኛ ነበር የሚወርደው። እግሩን ፍሬኑ ላይ ሲያሳርፍ የግራው ጩኸት ከሞተሩ ድምፅ በላይ ተሰማኝ። ተሳቢው የራሱ ፍሬን የለውም፤ ያ ሁሉ ጆንያና ስድስት ሰው ትራክተሯን ከኋላ መግፋት ጀመረ። ወደ ሁለተኛ ለመቀየር ፍሪሲዮን ረገጠ። እዚህ ላይ ነው ሁሉ ነገር ያመለጠው። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሞተሩ ጎማውን መያዙን ይተዋል፤ የዚህች ትራክተር ማርሽ ደግሞ እንደ ዛሬ መኪና በሩጫ ላይ እያለች በቀላሉ የሚገባ አይደለም። አልገባለትም። በባዶ ማርሽ ቁልቁል ሄደች።

የአጎቴ ልጅ ያደረገውን ሳስበው አሁንም ይገርመኛል። በቀኝ ገደሉ አለ፣ በግራ መንገዱ ሲቆረጥ የቀረ የአፈር ግድግዳ። መሪውን ወደ ግራ አዞረና ቀይዋን ከግድግዳው ጋር አፋተጋት። የፊት ጎማው አፈሩን እየገመሰ ሄዶ ሄዶ ቆመች። ተሳቢው ግን ታጥፎ በጎኑ ወደቀ። ልጆቹ እንደ ቡናው ተበተኑ። አምስቱ ተነሥተው ቆሙ። ስድስተኛው፣ የሁሉም ታናሽ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ግራ እግሩ ከጆንያዎቹ ሥር ነበር።

አጥንቱ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ሌሊቱን ጅማ አደርን።

እሑድ ጠዋት ከሐኪም ቤት በቀጥታ ወደ ጉባኤ ሄድኩና ምስክርነት ሰጠሁ። ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። ጌታ እንዴት ከገደሉ እንዳራቀን፣ አንድም ነፍስ እንዳልጠፋ ተናገርኩ። እልል ተባለ። ዘማሪዎቹ ሳይጠሩ ተነሡ። የተናገርኩት ሐሰት አልነበረም፤ ዛሬም ጌታ ነው ያወጣን ብዬ አምናለሁ። ግን ስለ መስከረሙና ስለ ጥቅምቱ አንድ ቃል አልወጣኝም። "ፍሬን እምቢ አለ" ብቻ ነበር ያልኩት፤ ፍሬን የራሱ ፈቃድ ያለው ይመስል።

ከጉባኤ በኋላ አንድ የምናከብራቸው ሽማግሌ እጄን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱኝ። "አየህ፣ ያ ልጅ ወጣት ነው። ሲበር ነው ይህ የመጣው። ምከረው" አሉኝ። በየቤቱም የሚባለው ይኸው ነበር።

"እሺ አባባ" አልኳቸው።

ሰኞ ዕለት ጠርቼ መከርኩት። እውነቴን ነው። ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ኃላፊነት፣ የሰው ነፍስ አደራ ስለ መሆኑ። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና "እሺ ጋሼ" ብሎ ሄደ። ወንጌል ሳስተምር ዐሥር ዓመት ሞልቶኛል፤ ብዙ ደካማ ትምህርት አስተምሬአለሁ፤ እንደዚያች ሰኞ ያለ ግን የለኝም።

የልጁ እናት እንጀራ እየሸጡ የሚኖሩ፣ ባላቸውን በሞት የተነጠቁ ሴት ናቸው። የሕክምናውን ወጪ እኔ ስለከፈልኩ ባገኙኝ ቁጥር ይመርቁኛል። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር" ይሉኛል። ያንን ምርቃት ላለመስማት ከገበያ መንገድ ይልቅ በወንዙ በኩል መሄድ ጀመርኩ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሐጂ መጡ። ሐጂ ጅማ አወይቱ ወንዝ አቅራቢያ ትንሽ ጋራዥ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ሙያውን የጀመሩት በልጅነታቸው በጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ወርክሾፕ ውስጥ ዕቃ እያቀበሉ ነው። ትምህርት ቤቱን በ1940ዎቹ ከኦክላሆማ የመጡ አሜሪካኖች ሲያቋቁሙት ትራክተርና መምህር ይዘው ነበር የመጡት፤ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኮሌጅ ነው። አባቴና እርሳቸው ወዳጆች ነበሩ። ፍሬን የሌላትን ትራክተር ያን ሁሉ መንገድ መንዳት ስለማይቻል የዕቃ ሣጥናቸውን ይዘው በሚኒባስ ወደ እኛ ወረዱ። ሲደርሱ መጀመሪያ ያደረጉት አባቴ ወንበሩን ያኖርበት የነበረውን የዋንዛ ጥላ መፈለግ ነው።

የጋራዥ ቋንቋ ጣሊያን ነው። ፍሬን፣ ታምቡሮ፣ ጎማ፣ ካቻቪቴ፣ ቶርኖ፣ ኩሽኔታ፣ ክሪክ፣ ዳዶ፣ ሁሉም ጣሊያን ጥሎት የሄደው ነው። ጅማን ለአምስት ዓመት ይዟት ቆይቶ ከተማረረበት ነገር ሁሉ ይልቅ ቃላቱ በረቱ። ሐጂ ግን እነዚያን ቃላት በኦሮምኛ አረፍተ ነገር ውስጥ ሲሰኳቸው አንድም የባዕድ አይመስሉም።

ሥራው እንዲህ ነበር። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ታኮ አደረግን። የኋላው ጎማ መሬት ላይ እንዳለ ዳዶዎቹን አላላን፤ ጎማው ከተነሣ በኋላ ላላ ቢሉት አብሮ ይዞራል። ከዚያ በአክስሉ ሥር ክሪክ ገብቶ ተነሣ፣ ከሥሩ ወፍራም ግንድ ተደገፈ። "በክሪክ ብቻ የቆመ ነገር ሥር የሚገባ ሰው ሚስቱን አይወድም" አሉ ሐጂ። ጎማው ውስጡ ለክብደት ብለው በውኃ የሞሉት ስለሆነ ለሦስት ነው ያንከባለልነው።

ታምቡሮው በሁለት ብሎን ብቻ ነው የሚያዘው። ብሎኖቹ ወጡ፣ ታምቡሮው ግን አልወጣም። የአጎቴ ልጅ ትልቁን መዶሻ አነሣ። ሐጂ እጁን ያዙት። ታምቡሮ የተቀለጠ ብረት ነው፤ እንደ ሸክላ ነው የሚሰበረው። በመጀመሪያ ማስተካከያውን ወደ ኋላ መልሰው ሸራውን ሰበሰቡት፣ ምክንያቱም በመበላቱ ከንፈር ያወጣ ታምቡሮ ሸራውን ነክሶ ይይዛል። ከዚያ እንጨት አስደግፈው ዙሪያውን ቀስ እያሉ መቱት። ከመውጣቱ በፊት ደግሞ እርጥብ ጨርቅ በአፍንጫችን ላይ እንድናሥር፣ የወጣውንም ትቢያ እንዳንነፋው አዘዙን፤ ውኃ አርከፈከፉበት። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ ሳንባ ውስጥ የገባ አይወጣም፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ብዙ የጋራዥ ልጆች በአየር ነው የሚነፉት። ይህን የምታነቡ የጋራዥ ልጆች ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉ።

መጀመሪያ የቀኙ ወጣ። ሸራው ገና ውፍረት ነበረው፤ ነገር ግን ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ነበር። ፓራኦሊዮው አርጅቶ የአክስሉ ዘይት ገብቶበታል። ዘይት የጠጣ ሸራ ምንም ቢያጥቡት አይድንም። ቀኙ የማይይዘው ለዚህ ነበር፤ ስለዚህ የሁለት ጎማ ሥራ በግራው ላይ ብቻ ወደቀ።

ከዚያ የግራው ወጣ። ሐጂ ታምቡሮውን ወደ ብርሃን አዞሩት። ውስጡ እንደ ሸክላ ማጫወቻ ሸክላ በክብ በክብ ተቆርጧል፤ ጥፍር የሚያስገባ ቦይ ነበር። እዚህም እዚያም ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል፣ ከሰማያዊው መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወጥቷል። በጣታቸው አንጠልጥለው በትንሽ መዶሻ ነካ አደረጉት። ደህና ታምቡሮ እንደ ደወል ይዘምራል። የእኛው "ጠብ" አለ።

በጥፍራቸው ቦዩን እየተከተሉ፣ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

"ኢልማ ኮ፣ ይሄ ስንት ወር ጮኸ?"

የአጎቴ ልጅ አጠገባችን ዳዶ በናፍጣ እያጠበ ነበር። እጁ ቆመ።

"እንግዲህ... ብዙም አላስተዋልነውም" አልኩ።

ሐጂ ታምቡሮውን መሬት ላይ አስቀመጡት። "ብረት ሳይጮህ እንዲህ አይቆረጥም" አሉ። ሌላ አልተናገሩም። የአጎቴ ልጅም ምንም አላለም፤ ዳዶውን ማጠቡን ቀጠለ። ልጁ ያን ሰዓት "እኔ ነግሬው ነበር" ቢል ኖሮ ምናልባት እቆጣው ነበር፣ ከዚያም እገላገል ነበር። ዝም አለ።

ጠርዞ ማለስለስ ይቻል እንደሆነ ጠየቅሁ። ቶርኖ ላይ አስገብተው ቦዩን ማጥፋት ይቻላል፤ ነገር ግን በተላጨ ቁጥር እየሳሳና እየሰፋ ይሄዳል፣ የሳሳ ታምቡሮ ደግሞ ሙቀት አይችልም። የተሰነጠቀውንማ ቶርኖ አያድነውም። ሁለቱም መቀየር ነበረባቸው፤ አንዱን አዲስ፣ አንዱን አሮጌ ማድረግ ወደ አንድ ጎን የሚስብ ፍሬን መሥራት ነው። ጅማ ውስጥ ፈረንጅ አራዳንም መርካቶንም አዳረስን፣ የለም። አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ መርካቶ ዞሮ ሁለት ታምቡሮ፣ አራት ሸራና ሁለት ፓራኦሊዮ በአውቶቡስ ላከልኝ። የዚህች ትራክተር ዘሮች በህንድና በፓኪስታን ለብዙ ዘመን ሲመረቱ ስለኖሩ መለዋወጫው አልጠፋም። ዋጋው ከአንድ ወር ደመወዜ በለጠ። ልጁ ለሐኪም ከወጣበት ጋር ሳስተያየው ግን ግማሹም አልሆነም።

ዕቃው እስኪመጣ ባለው ሳምንት ለወጣቶች ክፍል የዘጸአትን ትምህርት እያዘጋጀሁ ነበር። ቀደም ባለው ዓመት ይኸንኑ መጽሐፍ ሳስተምር ከዐሠርቱ ትእዛዛት ተነሥቼ ወደ ጥጃው ጣዖት ዘልዬ ነበር። በመካከሉ ያለው የበሬና የጉድጓድ ሕግ ለወጣት ምን ይረባል ብዬ። በዚያ ማታ ግን ምዕራፍ 21ን ሳልዘል አነበብኩት። ስለሚወጋ በሬ ይናገራል። ዐመሉ ያልታወቀ በሬ ድንገት ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይሞታል፣ ባለቤቱ ግን ነጻ ነው። የመውጋት ዐመል እንዳለው ለባለቤቱ ተነግሮት፣ እርሱ ግን ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው ቢገድል፣ ያን ጊዜ ዕዳው በባለቤቱ ራስ ላይ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው በሬው ምን አደረገ ብሎ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ ተነግሮት ነበር ወይ ብሎ ነው። የነገረውን ሰውማ ማንም አይከሰውም። እኔ የነገረኝን ሰው ጠርቼ መክሬው ነበር።

መጽሐፉን ከድኜ ወጣሁ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ይሆናል።

እናቲቱ ለነገ የሚሆን ሊጥ እያቦኩ ነበር። ልጁ እግሩ በጀሶ እንዳለ መደብ ላይ ተኝቶ ሒሳብ ይሠራል። ቡና ላፍላ ብለው ተነሡ፣ ይቀመጡ አልኳቸው።

"እትዬ፣ ፍሬኑ መበላሸቱን ቀድሜ አውቅ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ። ልጁ ሁለቴ ነግሮኝ ነበር፤ ገንዘቤን ሰስቼ፣ ቡናው እንዳያመልጠኝ ብዬ አቆየሁት። ስድስቱን ተሳቢው ላይ ያወጣኋቸውም እኔ ነኝ። ቶሎ ድረስ ያልኩትም እኔ ነኝ።"

እጃቸው ሊጡ ውስጥ እንዳለ ቆየ። ልጁ እርሳሱን አቁሞ ያየኛል። ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ወይም እንደ አማኝ ቶሎ "ይቅር ብዬሃለሁ" ይሉኛል ብዬ። ሁለቱንም አላሉኝም።

"ያ ልጅ እኮ በማግስቱ መጥቶ እግሬ ላይ ወድቆ ነበር" አሉኝ በመጨረሻ። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ነጂው እኔ ነኝ አለኝ። ያንተን ስም አላነሣም።"

ከዚያ ሊጡን ከድነው እጃቸውን ታጠቡ። ጊዜ ወሰዱ። "ሂድ፣ ለኔ የነገርከኝን እሱ ባለበት፣ ሰው ባለበት ንገር። እኔ ከዚያ በኋላ አስብበታለሁ።"

ሲሸኙኝ አልመረቁኝም። ውድ አንባቢ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እኒያን ሴት ከመጋቢዎች ሁሉ አብልጬ እሰማቸዋለሁ።

በቀጣዩ እሑድ እንደገና ማይክራፎን ጠየቅሁ። ለሽማግሌዎቹ አስቀድሜ ነግሬአቸው ነበር፤ አንዱ "ይህ ነገር የግድ በጉባኤ ይነገራል ወይ፣ አገልግሎትህን ይጎዳዋል" ብለው ሊያስተዉኝ ሞከሩ። ስለ እኔ አዝነው ነው። ነገር ግን ምስክርነቱ በጉባኤ ነው የተሰጠው፤ ልጁም የታማው በአደባባይ ነው። ሁሉንም ተናገርኩ፣ ሰኞ ዕለት የሰጠሁትን ምክር ጨምሮ። በዚህኛው እልል ያለ የለም። የአጎቴ ልጅ ከኋላ ወንበር ላይ ነበር፤ ሳልጨርስ ወጥቶ ሄደ። ለአራት ቀን አላነጋገረኝም። የወጣቶች ክፍሉን ለሦስት ወር ሌላ ወንድም አስተማረ፤ ሽማግሌዎቹ እንዲህ ሲወስኑ ትክክል ነበሩ።

በአምስተኛው ቀን ሐጂ ተመልሰው መጡ። የአጎቴም ልጅ ሳይጠራ መጣ፣ ቱታውን ለብሶ።

ፓራኦሊዮው ቀኑን ሙሉ ፈጀ፤ አክስሉ ወጥቶ ኩሽኔታው ከተነቀለ በኋላ ነው የሚደረስበት። ታምቡሮዎቹን ግን አንድ ሰዓት አልፈጁብንም። አዲስ ታምቡሮ እንዳይዝግ ፋብሪካው ቅባት ይቀባዋል፤ ያንን በቤንዚን አጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል፣ አለዚያ አዲሱ ሸራ በመጀመሪያው ቀን ዘይት ይጠጣል። ሞላዎቹን አዲስ አደረግን፣ ሸራው ተገጠመ፣ ታምቡሮው በእጅ ገፋ ሲደረግ ገባ። ከዚያ ማስተካከል። ሐጂ ማስተካከያውን ጎማው እስኪያዝ ድረስ ያዞሩታል፣ ከዚያ በነጻነት እስኪዞር ጥቂት ይመልሱታል። ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት። የአጎቴ ልጅ ጎማውን በእጁ እያዞረ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጥ ነበር። እኔም ለማዳመጥ ጎንበስ አልኩ። የሚሰማ ነገር የለም።

"እሱን ጠይቀው" አሉኝ ሐጂ ወደ ልጁ እያመለከቱ። "የሚነዳው ሰው ነው የሚያውቀው።"

"እንዴት ነው?" አልኩት።

"የቀኙ ትንሽ ይቀረዋል" አለ። በአራት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር። ሐጂ ሳይከራከሩ ቀኙን አንድ ጥርስ ጨመሩ።

አዲስ ሸራ ታምቡሮውን ሙሉ በሙሉ እስኪገጥም ድረስ በደንብ አይዝም፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላውን ያለ ተሳቢ ሜዳው ላይ እየነዳ፣ ቀስ እያለ እየያዘ፣ እያበረደ ዋለ። ሁለቱን ፔዳሎች አያይዞ ሲረግጥ ሁለቱ ጎማዎች አፈሩ ላይ እኩል መስመር አወጡ። ሐጂ መስመሮቹን በእርምጃቸው ለኩና ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። የእጅ ዋጋቸውን ስሰጣቸው ቆጥረው ግማሹን መለሱልኝ። "ለልጁ እግር" አሉ። የትኛውን ልጅ እንደሆነ እንዴት እንደሰሙ አልጠየቅሁም፤ ጅማና አጋሮ መካከል ወሬ ከሚኒባስ ይቀድማል።

በማግስቱ ወደ ቁልቁለቱ ወሰድናት። ተሳቢው ባዶ ነበር። የአጎቴ ልጅ ብቻውን ወጣ። እኔ ከጠረባ የሠራሁትን ታኮ ይዤ ከኋላ ጎማው ጎን በእግሬ ተከተልኩ። በሁለተኛ ማርሽ ገባ። ያ የተገመሰው የአፈር ግድግዳ ጋ ስንደርስ ሳር አብቅሎ ነበር። እዚያው መካከል ላይ ያዘ።

ቀይዋ ቆመች። ሞተሩን አጠፋው፣ ማርሹን ባዶ አደረገ፣ በፍሬኑ ብቻ ያዛት። ከታች የወንዙ ድምፅ ይሰማል።

"ጋሼ፣ ይዟል። ታኮውን ጣለው" አለኝ ከላይ።

"ትንሽ ቆይ" አልኩት። "አንዴ ልቀቀውና እንደገና ያዝ።"

ለቀቀው፣ ትንሽ ወረደች፣ እንደገና ያዘ። ታኮው በእጄ ነበር።

"እንደገና" አልኩት።